የከብት መልክና የደም ደረጃ፦ ድቅል ጊደር የሚገዙና የማዳቀል አገልግሎት የሚጠይቁ ዜጎች ሊያውቁት የሚገባ

ለወተት የምትሆን ጊደር ፍለጋ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መልኳን ነው። ጥቁርና ነጭ ሆና ከተገኘች «የፈረንጅ ላም» ተብላ ዋጋዋ ይንራል፤ ቀይ፣ ዳልቻ ወይም ቡላ ከሆነች ግን «የሐበሻ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ስለ እናቷና ስለ አባቷ ከመናገር ይልቅ መልኳን ያሳያል። እውነቱ የሚታወቀው ግን ጊደሯ ወልዳ መታለብ ስትጀምር ነው። በብድር ወይም ለዓመታት በተጠራቀመ ገንዘብ የተገዛችው ጥቁርና ነጭ ላም ከአካባቢ ላም ብዙም ያልተሻለ ወተት ስትሰጥ፣ ቤተሰቡ ትርፍ ዋጋ የከፈለው ለጠጉር ቀለም ብቻ እንደ ነበር ይረዳል።

የመልክ ነገር በማዳቀል አገልግሎት ላይም ቅሬታ ያስነሣል። በሆልስታይን ፍሪዥያን አባለዘር የተዳቀለች ላም ቀይ ጥጃ ስትወልድ አርቢው አዳቃይ ባለሙያውን ሊጠራጠር ይችላል። ጥርጣሬው አንዳንድ ጊዜ መሠረት ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን መልስ የሚገኝለት በመልክ አወራረስ ሕግና በቀን መቁጠሪያ ነው። ይህ ጽሑፍ የከብት መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ መልክ ስለ ደም ደረጃ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር፣ እንዲሁም አርቢው በመልክ ፋንታ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያብራራል።

መልክ እንዴት ይወረሳል

እያንዳንዱ ጥጃ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ሁለት ዘረ መል (በተለምዶ ጂን የሚባለውን) ይወርሳል፤ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ። ሁለቱ የተለያዩ ሲሆኑ አንዳንዱ ዘረ መል ገዢ ሆኖ በመልክ ላይ ይወጣል፤ ሌላው ተሸፍኖ ይቀራል። የተሸፈነው ግን አልጠፋም። ለሚቀጥለው ትውልድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከሌላ ወላጅ የመጣ መሰሉን ሲያገኝም ይገለጣል። አያት ላይ የነበረ መልክ ልጅን ዘሎ የልጅ ልጅ ላይ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የሆልስታይን ፍሪዥያን ጥቁር ቀለም ገዢ ነው። ይህን ቀለም የሚወስነው ኤም ሲ 1 አር የተባለው ዘረ መል ሲሆን፣ በሰው ላይ ደግሞ የአንዳንድ አውሮፓውያን ቀይ ጠጉር ምክንያት የሆነው ይኸው ዘረ መል ነው። አብዛኞቹ ሆልስታይን ኮርማዎች የጥቁሩን ዘረ መል በሁለት ቅጂ ስለሚይዙ ከነጭ ወይም ከዳልቻ የቦረና ላም የሚወልዱት ጥጃ ጥቁር ወይም ወደ ጥቁር ያደላ ይሆናል። የነጭ ጥፍጥፉ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሆልስታይንን ዝንጉርጉር የሚያደርገው ዘረ መል በአብዛኛው ተሸፋኝ ነው፤ በመልክ ላይ ተሟልቶ የሚወጣው ከሁለቱም ወላጅ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ሆልስታይን ኮርማና የቦረና ላም ያስገኙት የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል እንደ አባቱ ዝንጉርጉር ሳይሆን ባለ አንድ ጥቁር መልክ፣ ቢበዛ ሆዱ ሥር፣ ጡቱ አካባቢ ወይም ግንባሩ ላይ ጥቂት ነጭ ያለው ሆኖ ይወለዳል።

ገበያ ላይ የሚደረገው ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልክ ግማሽ በግማሽ ድቅል የሆነችው የመጀመሪያ ትውልድ ጊደር ብዙውን ጊዜ «ፈረንጅ» የምትባለውን ጥቁርና ነጭ መልክ አትይዝም።

ሁለት የመጀመሪያ ትውልድ ድቅሎች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ደግሞ መልኩ ይበታተናል። የጥቁረቱና የዝንጉርጉርነቱ ዘረ መሎች በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይ ስለሚገኙ ራሳቸውን ችለው ይተላለፋሉ። ከእንዲህ ያሉ ወላጆች ከሚወለዱ 16 ጥጆች በአማካይ 9 ባለ አንድ ጥቁር መልክ፣ 3 ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ 3 ጥቁር ያልሆነ አንድ መልክ ያላቸው፣ 1 ደግሞ ጥቁር ያልሆነ ዝንጉርጉር ይሆናሉ። ይህ የብዙ ወሊዶች አማካይ እንጂ አንድ አርቢ በራሱ በረት ውስጥ በትክክል የሚያገኘው ቁጥር አይደለም። ዋናው ነገር ግን አራቱም ዓይነት ጥጆች ከአንድ ዓይነት አባትና እናት የተወለዱ፣ አማካይ የደም ደረጃቸውም 50 በመቶ መሆኑ ነው። ቀይዋ ጊደር ከጥቁርና ነጭዋ እኅቷ ያነሰ የሆልስታይን ደም አላት ለማለት ምንም መሠረት የለም።

የደም ደረጃ የሚሰላው ከትውልድ ሐረግ ነው

የደም ደረጃ ማለት አንድ ድቅል ከብት ከውጭው ዝርያ የወረሰው ድርሻ ነው። ንጹሕ ሆልስታይን አባትና ንጹሕ የአገር ውስጥ እናት ያስገኙት ጥጃ 50 በመቶ ነው። ይህች ጥጃ አድጋ እንደገና በሆልስታይን አባለዘር ስትዳቀል የምትወልደው 75 በመቶ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ትውልድ 87.5 በመቶ ይሆናል። 50 በመቶዋ ላም በመንደር ኮርማ ከተጠቃች ደግሞ የምትወልደው ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ከሁለተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ቁጥሮች አማካይ ናቸው፤ እናቲቱ የምታስተላልፈው ግማሽ በዕጣ የሚደርስ በመሆኑ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆችም በትክክለኛ ድርሻቸው ሊለያዩ ይችላሉ።

ይህን ከመልክ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። 50 በመቶ የሆነች ጥቁር ላም በሆልስታይን ስትዳቀል የሚወለዱት 75 በመቶ ጥጆች በአማካይ ግማሾቹ ዝንጉርጉር፣ ግማሾቹ ባለ አንድ ጥቁር መልክ ናቸው። በሌላ በረት ውስጥ ደግሞ ከሁለት ድቅሎች የተወለደች ዝንጉርጉር ጊደር 50 በመቶ ብቻ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን ለገበያ ቢቀርቡ 75 በመቶዋ ጥቁር ጊደር እንደ አካባቢ ከብት፣ 50 በመቶዋ ዝንጉርጉር ደግሞ እንደ ንጹሕ ሆልስታይን ልትቆጠር ትችላለች።

ከሁሉም በላይ ግን ገዢው መዘንጋት የሌለበት፣ ዝንጉርጉርነት ከውጭ የመጣ መልክ አለመሆኑን ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚገኘው የፎገራ ዝርያ በተፈጥሮው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። በሰሜን ምዕራብ ቆላ የሚረባው የበጌት ከብትም ዝንጉርጉር መልክ ያላቸው አሉት። በደጋው የሚገኘው የአካባቢ ከብት ጥቁሩም፣ ቀዩም፣ ቡሬውም በአንድ መንጋ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ የሆነች ጊደር ምንም የሆልስታይን ደም የሌላት ፎገራ፣ 25 በመቶ፣ 50 በመቶ ወይም ንጹሕ ሆልስታይን ልትሆን ትችላለች። ከፎገራ ላም የሚወለድ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅልም፣ እናቱ የዝንጉርጉርነቱን ዘረ መል ስለምትይዝ፣ ከላይ ከተገለጸው የቦረና ድቅል በተለየ ዝንጉርጉር ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

የሻኛ ማነስ፣ ከአንገት ሥር የሚንጠለጠለው ቆዳ ማጠርና የጡት ሰፊነት ከቀለም የተሻሉ ምልክቶች ናቸው። የደም ደረጃን በቁጥር ለመናገር ግን እነሱም አይበቁም። አንድን ጊደር በዓይኑ ዓይቶ «ይህች 75 በመቶ ናት» የሚል ሻጭ የሚናገረው ግምቱን ነው።

የጀርሲ ድቅሎች ከመልክ ልማድ የተነሣ ከሁሉም በላይ የሚበደሉ ናቸው። ጀርሲ ቡናማ ወይም የሚዳቋ ዓይነት መልክ ያላት፣ አነስ ያለ ሰውነት ያላት ዝርያ ስትሆን ድቅሎቿ በቀለማቸው ከአካባቢ ከብት እምብዛም አይለዩም። በዚህም ምክንያት በርካሽ ይሸጣሉ። ይሁን እንጂ የጀርሲ ወተት ከሆልስታይን ወተት የበለጠ ቅባት አለው። ከከተማ ርቆ ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ ለሚለውጥ ቤተሰብ፣ ብዙ ሊትር ከምትሰጥ ነገር ግን ብዙ መኖ ከምትፈልግ ዝንጉርጉር ላም ይልቅ ይህች «የሐበሻ የምትመስል» ላም የተሻለች ልትሆን ትችላለች። ሰውነቷ ትንሽ የሆነ የደጋ ላም ስትዳቀልም ከሆልስታይን ይልቅ ጀርሲ የሚመከርበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ጥጃው ሲወለድ አነስተኛ ስለሚሆን እናቲቱ በምጥ የመቸገሯ ዕድል ይቀንሳል።

ቀይ ጥጃ ሲወለድ

በሆልስታይን አባለዘር የተዳቀለች ላም ቀይ፣ ነጭ ወይም ዳልቻ ጥጃ ብትወልድ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው፣ ኮርማው የቀይ ዘረ መል ተሸካሚ መሆኑ ነው። ጥቁርና ነጭ ከሆኑ ሆልስታይኖች መካከል ቀዩን ዘረ መል ሸፍነው የሚይዙ አሉ፤ ቀይና ነጭ የሆኑ ንጹሕ ሆልስታይኖችም በዓለም ገበያ የታወቁ ናቸው። እንዲህ ያለው ኮርማ ከቀይ ላም ቀይ ጥጃ ቢያስገኝ ጥጃው የእሱ ልጅ ነው፤ የደም ደረጃውም 50 በመቶ ነው። ሁለተኛው፣ ጥቅም ላይ የዋለው አባለዘር የጀርሲ ወይም የሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ የጥጃው አባት የተዳቀለችበት ኮርማ ሳይሆን የመንደር ኮርማ መሆኑ ነው።

ይህን ለመለየት የመጀመሪያው መሣሪያ ቀን ነው። የላም የእርግዝና ጊዜ በአማካይ 280 ቀን ገደማ ሲሆን የአገር ውስጥ ዝርያዎች ጥቂት ቀናት ሊጨምሩ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ወሮች ሠላሳ ሠላሳ ቀን በመሆናቸው ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከተዳቀለችበት ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን መጨመር ነው። መስከረም 1 የተዳቀለች ላም ሰኔ 11 አካባቢ ትወልዳለች። በመካከሉ ጳጉሜ ካለች አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀን ይቀነሳል። ማዳቀሉ ሳይዝ ቀርቶ ላሟ ከ21 ቀን ገደማ በኋላ እንደገና ድራት ላይ ሆና በግጦሽ ላይ በኮርማ ከተጠቃች ግን የምትወልደው ወደ ሐምሌ መጀመሪያ ነው። ቀይ ጥጃ ከተጠበቀው ቀን ሦስት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ከተወለደ ማብራሪያው በአብዛኛው ይኸው ነው። ከተዳቀለች በኋላ በዚያው ቀን ከኮርማ ጋር ከዋለች ግን ቀን አይለየውም።

የዚህ ተቃራኒም መታወስ አለበት። ጥጃው ጥቁር ሆኖ መወለዱ ማዳቀሉ መያዙን አያረጋግጥም፤ የመንደሩ ኮርማም ጥቁር ሊሆን ይችላልና። አባትነትን በእርግጠኝነት የሚለየው የዘረ መል ምርመራ ብቻ ነው። አርቢው ቅሬታ ካለው የተዳቀለችበትን ቀን፣ የወለደችበትን ቀንና በካርዱ ላይ የተጻፈውን የኮርማ መለያ ቁጥር ይዞ ሲቀርብ፣ ጉዳዩን የሚመረምረው ባለሙያ ኮርማው ቀይ ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን ከመዝገብ ለመፈለግ መነሻ ያገኛል። ያለ እነዚህ ሦስት መረጃዎች የሚቀርብ አቤቱታ ለመመርመር አስቸጋሪ ነው።

ከፍተኛ ደም ሁልጊዜ ብዙ ወተት ማለት አይደለም

የአገር ውስጥ ላም በአርሶ አደር አያያዝ በቀን የምትሰጠው ወተት በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ይህን ለማሻሻል የውጭ ዝርያዎች ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመሩት ቀደም ብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር በኩል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተቋቋመውና ካዱ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ድቅል ጊደሮችን ለአርሶ አደሮች አሠራጭቷል። በሆለታና በባኮ የምርምር ማዕከላት ደግሞ ቦረናና ሆሮ ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ተዳቅለው ለረጅም ዓመታት ተጠንተዋል።

ከእነዚህ ዓመታት ልምድ የተገኘው ዋና ትምህርት የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል ልዩ ብርታት ያለው መሆኑ ነው። ሁለት የተራራቁ ዝርያዎች ሲዳቀሉ የሚወለደው ጥጃ በወተት፣ በመውለድ ብቃትና በበሽታ መቋቋም ከወላጆቹ አማካይ የበለጠ ሆኖ ይገኛል። ይህ የድቅል ብርታት ይባላል። ብርታቱ ግን አይዘልቅም። ድቅል ከድቅል ሲዳቀል በሚቀጥለው ትውልድ ግማሹ ይጠፋል። መልሶ በሆልስታይን ማዳቀልም፣ የደም ደረጃውን ወደ 75 በመቶ ቢያሳድግም፣ ብርታቱን በግማሽ ይቀንሳል። ለዚህ ነው አንዲት ግሩም ድቅል ላም ያለችው አርቢ የእሷን ልጅ ከሌላ ድቅል ኮርማ ሲያስወልድ የልጅ ልጇ እንደ አያቷ ሳትሆን የምትቀረው። ኮርማው መጥፎ ስለሆነ ወይም ላሟ ስለ ታመመች አይደለም።

ከ75 በመቶ በላይ የሆነች ላም ከፍተኛ ወተት ልትሰጥ የምትችለው የምትበላውና የምትኖርበት ሁኔታ ከደሟ ጋር ሲመጣጠን ነው። አንድ ላም በቀን የሰውነቷን ክብደት 3 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ 400 ኪሎ ግራም የምትመዝን ላም 12 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ይህም ገለባ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ ድርቆሽና እርጥብ መኖ ያስፈልጋል። መዥገር በበዛበት፣ ገንዲ ባለበት ወይም ሙቀት በሚከብድበት ቆላ ከፍተኛ ደም ያላት ላም ወተት ከመስጠት ይልቅ በሕይወት ለመቆየት ትታገላለች። እንዲህ ባለው ቦታ 50 በመቶ ገደማ የሆነ ድቅል የበለጠ አስተማማኝ ነው።

መልክም ቢሆን በዚህ በኩል ፈጽሞ ከንቱ አይደለም። የቦረና ነጭና ዳልቻ አጭር ጠጉር የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል፤ ሥሩ ያለው ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከፀሐይ ቃጠሎ ይከላከላል። የሆልስታይን ጥቁር ጠጉር ሙቀት ይስባል፤ በነጩ ጥፍጥፍ ሥር ያለው ቆዳ ሐምራዊ ስለሆነ በፀሐይ ይጎዳል። ስለዚህ በቆላ የሚረባ ዝንጉርጉር ድቅል ጥላ ሊበጅለት ይገባል።

መልክን ብቻ ተከትሎ ማራባት የሚያስከትለው

መልኳ የወደደውን ጊደር ለዘር የሚያስቀር አርቢ ከቀለሙ ጋር ያላሰበውን ነገር ሊመርጥ ይችላል። በእንግሊዙ ሾርትሆርንና በቤልጂየም ብሉ ዝርያዎች ውስጥ ነጭ መልክ የሚሰጠው ዘረ መል በአንዳንድ ጊደሮች ላይ ማሕፀን ተሟልቶ እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ ችግሩም የነጭ ጊደር በሽታ ተብሎ ይታወቃል። የቦረና ነጭነት ምንጩ ሌላ በመሆኑ ይህ አያሰጋውም። ከከብት ውጭም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የሚገኘው፣ ቦል ፓይዘን የሚባለው ትንሽ ዘንዶ በአሜሪካና በአውሮፓ ለመልኩ ሲባል በቤት ይራባል፤ ስፓይደር የተሰኘውና እጅግ የተወደደው መልክ ግን ጭንቅላትን ከሚያንቀጠቅጥና ሚዛን ከሚያሳጣ የነርቭ ችግር ጋር አብሮ የሚወረስ ሆኖ ተገኝቷል። አርቢዎቹ ለመልኩ ሲመርጡ ችግሩንም አብረው አበዙት።

በኢትዮጵያ አርቢዎች ዘንድ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን የዘመድ ርቢ ነው። መልኩ ያማረ አንድ ድቅል ኮርማ ሲገኝ መንደሩ ሁሉ ላሞቹን ወደ እሱ ይነዳል፤ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላም ኮርማው በገዛ ልጆቹ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ተሸፍነው የኖሩ ጎጂ ዘረ መሎች ተገናኝተው የመገለጥ ዕድል ያገኛሉ። የጥጆች ሞት፣ የዕድገት መቀጨጭና የመፅነስ ችግር ከዚህ ሊመጡ ይችላሉ። በሰው ሠራሽ ዘዴም ቢሆን እናትና ልጅ በአንድ ኮርማ አባለዘር ሊዳቀሉ አይገባም፤ ይህን መቆጣጠር የሚቻለው የኮርማው ቁጥር በካርድ ላይ ተጽፎ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

አገልግሎቱን ሲጠይቁና ጊደር ሲገዙ

የማዳቀል አገልግሎት የሚፈልግ አርቢ ላሟ ኮርማ መፈለጓን እንዳየ ወዲያውኑ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም ለአዳቃይ ባለሙያው ማሳወቅ አለበት። ዋናው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆማ መቀበሏ ነው፤ መጮኽ፣ መቅበዝበዝ፣ ከብልቷ ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ መውጣትና የወተት መቀነስም ይታያሉ። የአገር ውስጥ ላሞች ድራት አጭር ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚመጣ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ መከታተል ይረዳል። ጠዋት ድራት የታየባት ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት በማግሥቱ ጠዋት ብትዳቀል የመፅነስ ዕድሏ የተሻለ ነው። ከተዳቀለች በኋላ ድራቱ እስኪያልፍ ድረስ ከኮርማ ተለይታ መዋል ይኖርባታል።

አባለዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ስትሮው ላይ ስለ ኮርማው የሚገልጽ መለያ ተጽፏል። አርቢው ባለሙያውን ከማዳቀሉ በፊት ዝርያውንና የኮርማውን ቁጥር የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄው እንደ አለመተማመን ሊቆጠር አይገባም። ለባለሙያውም የእናቲቱን የደም ደረጃ፣ አባቷንና የቤቱን የመኖ አቅም መንገር ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆልስታይን መጠየቅ ትክክለኛ ምርጫ ላይሆን ይችላልና።

ድራትን በሆርሞን በማቀናጀት ብዙ ላሞች በአንድ ጊዜ በሚዳቀሉበት ዘመቻ ላይ ላሞቻቸውን የሚያቀርቡ አርቢዎች አንድ ነገር መጠንቀቅ አለባቸው። ለዚህ የሚሰጠው ፕሮስታግላንዲን የተባለው መርፌ ያረገዘችን ላም ያስወርዳል። በመሆኑም ላሟ ከኮርማ ጋር የዋለች ከሆነ ይህ ለባለሙያው ሊነገር፣ እርግዝናዋም አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል። «ምናልባት አልያዘች ይሆናል» ብሎ ዝም ማለት ጥጃን ሊያሳጣ ይችላል።

ከተዳቀለች በኋላ ቀኑ፣ የኮርማው ቁጥር፣ ዝርያው፣ የላሟ የጆሮ ቁጥርና የባለሙያው ስም በካርድ ላይ መጻፉን ማረጋገጥ የአርቢው ድርሻ ነው። ካርዱ ጊደሯ በምትሸጥበት ጊዜ ከእሷ ጋር ቢተላለፍ ለሻጩም ለገዢውም ይጠቅማል፤ ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ የሚያስረዳበት፣ ገዢውም የደም ደረጃውን የሚያሰላበት ሰነድ ነውና። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ በጆሮ ቁጥሯ አማካይነት ከአዳቃይ ባለሙያው መዝገብ መጠየቅ ይቻላል።

ካርድም መዝገብም ከሌለ ገዢው ከገበያ ይልቅ ወደ ሻጩ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። እዚያ የጊደሯን እናት ማየት፣ ማታና በማግሥቱ ጠዋት ስትታለብ ቆሞ መለካት፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ ከወለደች ስንት ወር እንደሆናትና ምን እንደምትበላ መጠየቅ ይችላል። ወልዳ ስምንት ወር የሆናት ላም ሁለት ወር ከሆናት ያነሰ ብትታለብ አያስገርምም፤ ወተቱ በወሩ መመዘን አለበት። እኅቶቿ በረት ውስጥ ካሉም የእነሱ አስተላለብ ከጊደሯ ቀለም ይልቅ ብዙ ይናገራል።